ኩላንቱ የት ሄደ?

ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ ውሃ የሞላ ሃይላንድ ይዘው የሚዞሩ ባለመኪናዎች ብዙ ናቸው። ጠዋት ኮፈን ይከፈታል፣ ውሃ ይሞላል፣ ኮፈን ይዘጋል፣ ሥራ ይኬዳል። ለምን ብለው ቢጠይቋቸው «መኪናዬ ውሃ ትጠጣለች» ይላሉ፣ የመኪናዋ ጠባይ ይመስል። ቤንዚን ይቃጠላል፤ የሞተር ዘይትም ሞተሩ ሲያረጅ ጥቂት በጥቂት ሊቃጠል ይችላል። ኩላንት ግን ሥራው መዞር ብቻ ነው። በዝግ መንገድ ውስጥ ይሄዳል፣ ይመለሳል፤ በጤነኛ ሞተር ላይ ደረጃው ከወር እስከ ወር ያው ነው። ከቀነሰ በአንድ በኩል ወጥቷል ማለት ነው። የሚወጣባቸው በሮች ደግሞ ብዙ አይደሉም፦ ወደ መሬት፣ ወደ ሞተሩ ሆድ፣ ወደ ተሳፋሪው እግር ሥር፣ ወይም በእንፋሎት ወደ አየር።

የትኛው በር እንደተከፈተ ለማወቅ ሞተር ማውረድ አያስፈልግም። ነጭ ሶፍት፣ ማርከር፣ የስልክ መብራትና ትንሽ ትዕግሥት የፍለጋውን ግማሽ ይጨርሳሉ። የቀረውን ጋራዥ ይሠራዋል። ሆኖም ባለመኪናው «ውሃ ትጠጣለች» ብሎ ሲገባና «ቀዝቃዛ ሳለች ደረቅ ናት፤ ሞቃ ስትቆም በችንጋው በኩል ታንጠባጥባለች» ብሎ ሲገባ የሚጠብቀው ሂሳብ አንድ አይደለም።

መንገዱን በአጭሩ እንየው። በትንሽ የቤት መኪና ውስጥ ከ4 እስከ 6 ሊትር የሚሆን ኩላንት ይገኛል። በብዙዎቹ መኪኖች የውሃ ፓምፑ በችንጋ እየዞረ ፈሳሹን በሞተሩ ብሎክና በቴስታታው ውስጥ ባሉ ቦዮች ይገፋዋል፤ ፈሳሹ እዚያ ሙቀት ይሸከማል። ቴርሞስታቱ 82 ዲግሪ አካባቢ መከፈት ሲጀምር የሞቀው ፈሳሽ በማኒኮቶ አድርጎ ወደ ራዲያተሩ ይገባል፤ በነፋስና በቬንትሌተር በርዶ በሌላኛው ማኒኮቶ ወደ ፓምፑ ይመለሳል። ከዚሁ መንገድ አንድ ቀጭን ቅርንጫፍ ተነጥሎ ከክሩስኮቱ ጀርባ ወዳለው ሂተር ይሄዳል። ብዙ ሰው ሂተር ስለማይከፍት ይህን ቅርንጫፍ ይረሳዋል። ኩላንቱ ግን በአብዛኞቹ መኪኖች ውስጥ ሂተር ተከፈተም አልተከፈተም እዚያ አለ።

ዋናው ነገር ግን ግፊቱ ነው። ፈሳሽ ሲሞቅ ይሰፋል፤ ከቀዝቃዛ ጠዋት ተነስቶ 90 ዲግሪ ሲደርስ 5 ሊትር ኩላንት በአንድ ብርጭቆ ያህል ይጨምራል። መሄጃ ስለሌለው ይታመቃል። የራዲያተሩ ክዳን ይህን ግፊት እንዲይዝ የተሠራ ነው፤ ከሥሩ ሞላና ላስቲክ አለው፤ ጀርባው ላይ ብዙ ጊዜ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ይነበባል። ቁጥሩ ክዳኑ ከውጭው አየር በላይ ምን ያህል ግፊት እንደሚችል በባር ግድም ይናገራል። ግፊቱ ከዚያ ሲያልፍ ሞላው ይነሳና ትርፉ በቀጭን ቱቦ ወደ መጠባበቂያው ፕላስቲክ ይሄዳል። ሞተሩ ሲበርድ ደግሞ በክዳኑ መሀል ያለችው ሌላ ትንሽ ቫልቭ ትከፈትና የወጣው ተስቦ ይመለሳል። ስለዚህ በፕላስቲኩ ውስጥ ያለው ደረጃ ማታ ከፍ፣ ጠዋት ዝቅ ማለቱ ፍሳሽ አይደለም። ደረጃ የሚለካው ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ ነው። በማርከር መስመር አስምረው በየጠዋቱ ያስተያዩ፤ በሳምንት ውስጥ ፍሳሽ መኖሩን ብቻ ሳይሆን ፍጥነቱንም ያውቃሉ።

ለምን ታመቀ ቢሉ፣ በግፊት ሥር ያለ ፈሳሽ ዘግይቶ ስለሚፈላ ነው። ለአዲስ አበባ ሾፌር ይህ የመጽሐፍ ወሬ አይደለም። ከተማዋ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 አካባቢ ነው። ሽምብራና ባቄላ በደጋ ለመብሰል የሚያስቸግሩትም በዚሁ ምክንያት ነው። የሞተር ኩላንት ደግሞ በደህናው ቀን የሚሠራው በ85 እና በ95 ዲግሪ መሀል ነው። ሁለቱን ቁጥሮች አጠገብ ለአጠገብ ያስቀምጧቸው። ክዳኑ ግፊት መያዝ ካቃተው፣ ንጹሕ ውሃ የተሞላ ራዲያተር አዲስ አበባ ላይ ሌላ ምንም ሳይበላሽ፣ በመደበኛ ሙቀቱ መፍላት ይጀምራል። ጤነኛ ባለ 1.1 ክዳን መፍያውን ወደ 118 ዲግሪ ያደርሰዋል፤ በግማሽ ውሃና በግማሽ ኩላንት የተሞላ እንደሆነ ከዚያም ጥቂት ዲግሪዎች ይጨመሩበታል። ጅቡቲ ወደብ ላይ ያለ ሾፌር ክዳኑ ቢደክም እንኳ እስከ 100 ዲግሪ ጊዜ አለው። እንጦጦን የሚወጣው ግን የለውም።

ስለዚህ በደጋ ፍለጋው ከክዳኑ ቢጀምር ይሻላል። ላስቲኩ ደርቆ ተሰንጥቆ፣ ሞላው ዝጎ ወይም ላልቶ፣ የራዲያተሩ አንገት ከንፈር ዝገት ይዞት ሊሆን ይችላል። የደከመ ክዳን ክፋቱ ጠብታ አለማሳየቱ ነው፤ ፈሳሹ በመጠባበቂያው ፕላስቲክ በኩል በእንፋሎትና በፍንጥቅጣቂ ያልቃል፣ መኪናዋ የቆመችበት መሬት ደረቅ ነው። ባለመኪናው ራዲያተር ያስቀይራል፣ ፓምፕ ያስቀይራል፣ አሮጌው ክዳን ግን ከአዲሱ ራዲያተር ላይ ተመልሶ ይገጠማል። ከመላው የማቀዝቀዣ ሥርዓት ርካሹን ዕቃ መጨረሻ ላይ የምንጠረጥረው ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

ክዳን ሲነሳ አንድ ነገር ያለ ቀልድ ይያዝ። የሞቀ ራዲያተር አይከፈትም። ውስጡ 110 ዲግሪ ሆኖ ሳይፈላ የተቀመጠው በግፊቱ ብቻ ነው፤ ክዳኑ የተነሳለት ቅጽበት ሁሉም ባንድ ጊዜ ፈልቶ ፊትና ደረት ላይ ይረጫል። የራዲያተሩ ማኒኮቶ በእጅ ሲጨበጥ ልፍስፍስ እስኪልና እስኪቀዘቅዝ ይጠበቅ፤ ከዚያም በወፍራም ጨርቅ እስከ መጀመሪያው ማቆሚያ ብቻ አዙሮ የቀረው ይተንፍስ። ኤሌክትሪክ ቬንትሌተርም ሞተር ጠፍቶ ሳለ በራሱ ሊነሳ ስለሚችል ጣትና የአንገት ልብስ ከአካባቢው ይራቁ።

አሁን ወደ መሬቱ። ከመኪናዋ ሥር እርጥበት ታየ ማለት ኩላንት ፈሰሰ ማለት አይደለም። ኤሲ ከፍቶ የነዳ ሰው ሲቆም በፊት ተሳፋሪው በኩል ንጹሕ ውሃ ማንጠባጠቡ የኤሲው ጤንነት ነው። የመስታወት ማጠቢያውም ውሃ ሊያፈስ ይችላል። ነጭ ሶፍት ጠብታው ላይ ያሳርፉ። ኩላንት ቀለም አለው፦ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ሮዝ ወይም ሰማያዊ፤ በጣት መሀል ሲታሽ ያንሸራትታል፤ ሽታው ጣፋጭነት አለው። ቀምሶ ማረጋገጥ ግን የለም። በአብዛኛው ኩላንት ውስጥ ያለው ኤትሊን ግላይኮል መርዝ ነው፤ ጣዕሙ ስለሚጥም ውሻና ድመት ይልሱታል፣ ጥቂቱም ኩላሊታቸውን ያጠፋል። ግቢ ውስጥ ከፈሰሰ፣ በተለይ ሕፃን ካለ፣ ወዲያው በብዙ ውሃ ይታጠብ። ቀይ ሆኖ ቅባትነቱ የሚበዛው ደግሞ የካምቢዮ ወይም የመሪ ዘይት ሊሆን ስለሚችል ቸኩሎ መፍረድ አይገባም።

በራዲያተሩ ውስጥ ያለው ንጹሕ ውሃ ከሆነ ፍለጋው ይከብዳል። ኩላንት በፈሰሰበት መንገድ ሁሉ ሲደርቅ ቀለም ያለው ቅርፊት ይተዋል፤ ውሃ ግን ወይ ምንም አይተው ወይ የዝገት ጥላ ብቻ ይተዋል። ለዚህ ሲባል ብቻ እንኳ ትክክለኛ ኩላንት መሞላቱ ያዋጣል። የፓምፑ ማሸጊያ ዕድሜና የአሉሚኒየሙ መበላት ሌላው ምክንያት ነው።

ጠብታው የወደቀበት ቦታም ይዋሻል። የቆርቆሮ ጣሪያ የሚያፈስበት ቤት የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ ቀዳዳው በአንድ ጥግ ሆኖ ውሃው በማገሩ ላይ ሮጦ በሌላኛው ጥግ ይንጠባጠባል። ሞተር ሥርም እንደዚሁ ነው። ከላይ ከቴርሞስታቱ ቤት የሾለከ ኩላንት በብሎኩ ጎን ወርዶ፣ በማርሹ ቤት ላይ ተጠማዝዞ፣ ከሥር በተገጠመው ላሜራ ላይ ተጠራቅሞ ሊወርድ ይችላል። የቬንትሌተሩ ንፋስ ደግሞ ጠብታውን ወደ ኋላ ይወስደዋል። በዚህ ምክንያት ጠንቃቃ መካኒክ «የት ነው የሚያንጠባጥበው?» ከማለቱ በፊት «መቼ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ቦታው ሲያሳስት ሰዓቱ ብዙ ጊዜ እውነቱን ይናገራል።

ሌሊት ቆማ አድራ ጠዋት ሥሯ እርጥብ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት የማኒኮቶዎቹ አፎችና ፋሸታዎቹ ናቸው። ላስቲክ በብርድ ይኮማተራል፣ ይደርቃል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ብርድ የላላ ፋሸታ ጥቂት ያፈሳል። ሞተሩ ሲሞቅ ብረቱም ላስቲኩም ሰፍተው ይገጥማሉና ፍሳሹ ይቆማል። ባለመኪናው ቀን ቢያየው፣ ቢያየው ያጣዋል። ማኒኮቶውን ከአፉ አጠገብ ጨብጠው ይጠምዝዙት፤ የሚንኮሻኮሽ፣ የሚሰነጠቅ ወይም እንደ ስፖንጅ የሚልፈሰፈስ ከሆነ ዘመኑ አልፏል። አንዳንድ ጊዜ ብሎን ያለውን ፋሸታ ከልክ በላይ ያጠበቀ ሰው ላስቲኩን ቆርጦት ራሱ ፍሳሽ ይፈጥራል።

ራዲያተሩም እዚሁ ወገን ነው። የዛሬ ራዲያተር ሆዱ አሉሚኒየም፣ ሁለቱ ጫፎቹ ፕላስቲክ ናቸው፤ መሀላቸው የላስቲክ ጥብጣብ ገብቶ የአሉሚኒየሙ ጥርሶች ፕላስቲኩን ነክሰው ይይዙታል። ፕላስቲኩ በሙቀት ዓመታት ሲሰባበር፣ ብዙ ጊዜ የማኒኮቶው አፍ ከተነሳበት ሥር ወይም በዚያ የጥርስ መስመር ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ትጀምራለች። የድሮው የመዳብ ራዲያተር ተበይዶ ይድን ነበር፤ ይህኛው ግን ፕላስቲኩ ከተሰነጠቀ በሙጫ ማቆየቱ ከሳምንታት አያልፍም። በፊት ገጹ ላይ ቅጠል የሚመስሉት ቀጫጭን ክንፎች መሀል ነጭ ወይም ሮዝ ነጠብጣብ ከታየ ቱቦው በጠጠር ወይም በዝገት ተበስቷል።

ሁለተኛው ሰዓት መኪናዋ ሞቃ ከቆመች በኋላ ያለው ሩብ ሰዓት ነው። ብዙ ሰው ይህን ሰዓት አይጠቀምበትም፤ ቆልፎ ወደ ቤት ይገባል። ሞተር ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፣ ብረቱ ግን አሁንም ትኩስ ነው። የቆመው ኩላንት ከብረቱ ሙቀት መቀበሉን ይቀጥላል፤ ሙቀቱም ግፊቱም ለጥቂት ደቂቃ ከጉዞው ጊዜ በላይ ይወጣሉ። በመንገድ ላይ እየተነነና በንፋስ እየተበተነ የማይታየው ፍሳሽ በዚህ ጊዜ ጠብታ ሆኖ ይገለጣል። ረጅም መንገድ ከነዱ በኋላ ደረቅ ሲሚንቶ ላይ ያቁሙ፣ ካርቶን ከሥሯ ያንጥፉ፣ ኮፈኑን ከፍተው ያዳምጡ። የራዲያተሩን ክዳን ሳይነኩ ማለት ነው። ሲንሽሽሽ የሚል ድምፅና የሚነሳ እንፋሎት ዓይንን ወደ ቦታው ይመራሉ።

በዚህ ሰዓት ከሚያዙት ሁሉ ጎበዙ ተደባቂ የውሃ ፓምፑ ነው። የፓምፑ ዘንግ በአንድ ጫፉ ኩላንት ውስጥ፣ በሌላው ጫፉ አየር ላይ ነው፤ መሀል ላይ ሁለት ልስልስ ፊቶች እየተፋተጉ ውሃውን ይከለክላሉ። ከዚያ ማሸጊያ ጀርባ የዘንጉ ኩሽኔታ አለ። አምራቾች ማሸጊያው አንድ ቀን እንደሚደክም ስለሚያውቁ በሁለቱ መሀል፣ በፓምፑ አካል ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይተዋሉ፤ የሾለከው ወደ ኩሽኔታው ከመድረሱ በፊት በዚያ በኩል ወደ ውጭ ይወጣና ይናገራል። ቀዳዳዋን ለማየት በስልክ መብራት ከችንጋው ጀርባ፣ ብዙ ጊዜም ከሥር ወደ ላይ ማጮለቅ ያስፈልጋል፤ መስታወት ቢኖር ይቀላል። የሚታየው እንዲህ ነው፦ ከቀዳዳዋ ጀምሮ ወደ ታች የወረደ፣ አፉ ላይ ወፍሮ ጫፉ ላይ የቀጠነ ቅርፊት፣ ቶዮታ ላይ ብዙውን ጊዜ ሮዝ ወይም ነጣ ያለ ሮዝ፤ በጥፍር ሲነካ እንደ ደረቀ ጨው ይፈረፈራል። ጥቂት የደረቀ እድፍ ብቻ ከሆነ ገና ጊዜ አለ። ቅርፊቱ ካደገ ወይም ከሥሩ እርጥብ ከሆነ ግን ፓምፑ መልእክቱን አድርሷል። ችንጋው ሲወልቅ ፑሌጋውን ይዞ ወደ ጎንና ጎን መነቅነቅም ይረዳል፤ ከተንቀሳቀሰ ኩሽኔታውም አልቋል። የቀዳዳዋን ፍሳሽ በሙጫ የደፈነ ሰው እንዳለ ሰምቻለሁ። እንዲህ ሲደረግ ኩላንቱ ወደ ኩሽኔታው ይዞራል፤ ከዚያ በኋላ የሚሄደው ፓምፑ ብቻ ሳይሆን ችንጋውም ነው።

ሦስተኛው ወገን ጠዋትም ማታም መሬት ላይ አይገኝም፤ ደረጃው ግን ይወርዳል። ክዳኑ ንጹሕ ከሆነ የሚቀጥለው ቀላሉ ምርመራ የፊት ተሳፋሪውን ምንጣፍ አንስቶ ሥሩን በሶፍት መጫን ነው። የሂተሩ ትንሽ ራዲያተር ካፈሰሰ ምንጣፉ ይረጥባል፣ ቤቱ ጣፋጭ ጣፋጭ ይሸታል፣ የፊት መስታወቱ ከውስጥ በጨርቅ የማይለቅ ቅባት መሰል ጉም ይይዛል። ክሩስኮት አውርዶ መቀየሩ ውድ ስለሆነ ብዙ ጋራዥ ወደ ሂተር የሚገቡትን ሁለት ማኒኮቶዎች እርስ በርስ አገናኝቶ ይሸኛል። ቆላ ላይ ለሚነዳ ሰው ይህ በቂ መፍትሔ ነው። ደብረ ብርሃን የሚኖር ግን በክረምት መስታወቱ ጉም ሲይዝ ያስታውሰዋል።

አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላት መኪና ሌላ ድብቅ በር አላት። በብዙ መኪኖች የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው በራዲያተሩ ውስጥ በተቀበረ ቱቦ ነው። ያ ቱቦ ሲበሳ ዘይቱና ኩላንቱ ይደባለቃሉ፤ ራዲያተሩ ሲከፈት የሚታየው ፈሳሽ የእንጆሪ ወተት ይመስላል። ይህ ከታየ መኪናዋ በክሬን ትሂድ እንጂ አትነዳ፤ ውሃ የገባበት ካምቢዮ ፍሪሲዮኖቹን በአጭር ጊዜ ይጨርሳል።

የቴስታታ ጓርኒሲዮን የሁሉም ፍርሃት ስለሆነ ያለ ማስረጃ ይወነጀላል። በብርድ ጠዋት ከጭስ ማውጫ ነጭ እንፋሎት መውጣቱ ማስረጃ አይደለም፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ከቀጠለና ሽታው ከጣፈጠ ግን ነው። በዘይት መሙያው ክዳን ሥር የሚታየው ነጭ አረፋም አጭር አጭር መንገድ ብቻ የምትሄድ መኪና ላይ ከአየር እርጥበት ሊመጣ ይችላል፤ የሚያስፈራው ራሱ የዘይት መለኪያው ላይ ያለው ዘይት ማኪያቶ ሲመስል ነው። ከእነዚህ የሚሻሉ ምልክቶች አሉ። ሌሊቱን አድራ ቀዝቃዛ ሳለች ማኒኮቶው ጠጥሮ ከተገኘ፣ በውስጡ ያለው ግፊት ከውሃ ሙቀት የመጣ አይደለም፤ ከሲሊንደር የገባ የቃጠሎ ጋዝ ነው። ጠዋት ስትነሳ ለጥቂት ሰኮንድ በሦስት ሲሊንደር እየተንገዳገደች ከዚያ ከተስተካከለች፣ ሌሊት አንዱ ሲሊንደር ውስጥ ኩላንት ሰርጎ አድሯል። ካንዴላዎቹ ሲወጡ አንዱ ብቻ ታጥቦ የነጻ ይመስላል። ጋራዦች ደግሞ ከራዲያተሩ አፍ ላይ የሚያስቀምጡት ሰማያዊ ፈሳሽ ያለበት መመርመሪያ አለ፤ የቃጠሎ ጋዝ ሲነካው ወደ ቢጫ ይለወጣል። ቴስታታ ከመውረዱ በፊት ይህ ምርመራ ይጠየቅ።

ከሁሉም ምርመራ የምወደው ግን የእጅ ፓምፑ ነው። አንድ ጋራዥ ውስጥ ሲሠራ የተመለከትኩት ይህን ይመስላል። ቪትዝ ተጎትታ መጥታለች፤ ባለቤቷ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ እናት ናቸው።

«እትዬ፣ ዛሬ ሞተሩን አስነስተውታል?» አላቸው መካኒኩ።

«ኧረ አልነካሁትም ልጄ። ማታ ቀይ መብራት አሳይታኝ እዚያው ነው ያቆምኳት።»

«ጎሽ፣ ደግ አደረጉ። ለዚህ ሥራ የምፈልገው ቀዝቃዛ ነው።»

ራዲያተሩን እስከ አፉ ሞላው፣ በክዳኑ ቦታ መለኪያ ሰዓት ያለበትን ፓምፕ ገጠመ፣ ክዳኑ ላይ እስከተጻፈው 1.1 ድረስ ብቻ ገፋ። ከዚያ በላይ መግፋት ጤነኛውን ቦታ መቅደድ ነው። መርፌዋ ለደቂቃ ቆማ ቀስ ብላ መውረድ ጀመረች። ሞተሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ የሚተን ነገር የለም፤ ቬንትሌተር አይዞርም፣ ጫጫታ የለም። መብራቱን ይዞ ሥሯ ገባና ብዙም ሳይቆይ ማኒኮቶው ከብሎኩ ጋር ከሚገናኝበት አፍ ዶቃ የምታህል ጠብታ ስታብጥ አሳየን። ያን ዕለት የተቀየረው ማኒኮቶና ሁለት ፋሸታ ነው። ራዲያተሯ እንዲቀየር ከሌላ ቦታ ተነግሯቸው ነበር። ይህ ፓምፕ ሳይኖረው በዓይን ብቻ «ራዲያተር ይቀየር» የሚል ጋራዥ ማመን ይከብደኛል። መርፌዋ እየወረደች ከውጭ የትም ጠብታ ካልተገኘ ደግሞ ፍሳሹ ወደ ውስጥ ነው፤ ያኔ ስለ ጓርኒሲዮን መነጋገር ይቻላል።

እኒያ እናት ቀዩን መብራት ሲያዩ ማቆማቸው ቴስታታቸውን አድኗል። ቪትዝ የሙቀት መርፌ የላትም፤ ሰማያዊ መብራት ስትቀዘቅዝ፣ ቀይ መብራት ስትግል፣ በመሀል ዝምታ ነው። መርፌ ያላቸውም ቢሆኑ ከባድ ፍሳሽ ላይ አይታመኑም። ሙቀት ጠቋሚው የተሠራው ፈሳሽ ውስጥ እንዲነከር ነው፤ ኩላንቱ አልቆ አየር ላይ ሲቀር ሞተሩ እየነደደ መርፌው ዝቅ ብሎ ሊያሳይ ይችላል። መሀል መንገድ ላይ መርፌው ድንገት ከወረደና ሂተሩ ሲከፈት ቀዝቃዛ አየር ካወጣ፣ ያ መልካም ዜና አይደለም። የአሉሚኒየም ቴስታታ ለመጣመም ብዙ ኪሎ ሜትር አይፈልግም፤ ከአባይ በረሃ ወደ ደጀን በሚወጣው ዳገት ላይ «ትንሽ ልድረስ» ማለት በማኒኮቶ ዋጋ ያልቅ የነበረውን ጉዳይ ሞተር ወደ ማስወረድ ያደርሰዋል።

ፍሳሽ ይደፍናሉ ስለሚባሉት ዱቄቶችና ፈሳሾች፣ እንቁላልና ቁንዶ በርበሬን ጨምሮ፣ ብዙ አልልም። ገጠር መንገድ ላይ ለቀረ ሰው ከተማ ያደርሱ ይሆናል። ቀዳዳውን የሚደፍነው ነገር ግን ቀዳዳና ቀጭን ቱቦ አይለይም፤ ሂተሩና የራዲያተሩ ጠባብ መንገዶች አብረው ይደፈናሉ።

ጥገናው ካለቀ በኋላ የሚረሳው አየሩ ነው። ባዶ የነበረ መንገድ ሲሞላ ቴስታታው ውስጥ አየር ይቀራል፤ አየር ያለበት ቦታ ኩላንት የለም፣ ስለዚህ ይግላል። መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ ዳገት አድርጋ ትቁም፣ ሂተሩ እስከ ሙቅ ጫፍ ይከፈት፣ ቀዝቃዛ ሳለች ክዳኑ ወልቆ ትነሳና በዝግታ እየሞቀች እያለ ማኒኮቶው ጫን ለቀቅ ይደረግ፤ አረፋ መውጣቱ እስኪያቆም ይሞላ። በማግሥቱና በሠለስቱ ጠዋት ደረጃው ትንሽ ቢወርድ የቀረው አየር ወጥቶ ነው። ከዚያ በኋላም ከወረደ ሌላ ፍሳሽ አለ፤ ይህ ደግሞ የተለመደ ነው። ለወራት በላላ ክዳን ወይም በተሰነጠቀ ማኒኮቶ የሄደች መኪና ግፊት ሳይኖርባት ነው የከረመችው፤ አንዱ በር ሲዘጋ ሙሉ ግፊቱ ይመለስና እስከዚያ ያልተፈተነውን አሮጌ ላስቲክ ያገኘዋል። ሂሳብ ከመክፈልዎ በፊት ያው የእጅ ፓምፕ አንድ ጊዜ እንደገና ይሰካ፤ መርፌው ሩብ ሰዓት ሳይወርድ ከቆየ ቁልፍዎን ይቀበሉ።